ከእንዳየሱስ የታየው ድንኳን

«እንዴት ብለህ ታውቃለህ፣ ወደይ ልጄ? አንተ እኮ ተራራ ላይ ነበርክ» አሉት ጎረቤቱ አደይ ኣስካል፣ ንፍሮ እየዘገኑለት። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ይህንኑ ይደጋግሙለታል።

ሔሩይ አንገቱን ደፋ። ድንኳኑ ውስጥ ካርታ የሚጫወቱት የዕድር ሰዎችም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያንኑ ያወራሉ፤ ምስኪን፣ ሚስቱን አፈር ሳያለብስ ቀረ፣ ባያውቅ ነው። ባያውቅማ ኖሮ እንቅልፍ በወሰደው ነበር።

ሚስቱ አያልነሽ እሑድ ጠዋት ልብስ ስታሰጣ ወድቃ በዚያው ቀረች። እሱ ጎህ ሳይቀድ ወጥቷል። አባቷ አባባ ወልደጊዮርጊስ ግማሽ ጎናቸው በድን ሆኖ ከደብረ ብርሃን ከመጡ ወዲህ፣ ያቺ አንድ ክፍል ጠብባዋለች። የበሽተኛ ሽታው፣ የሌሊት ማቃሰቱ፣ አያልነሽን ከአጠገባቸው የማያስነሳው ዓይናቸው አስመረረው። እሑድ እሑድ ብቻውን ወደ ተራራ ይሸሻል። የዚያን ዕለት ከከተማው በላይ ያሉትን አራት ጫፎች በአንድ ቀን ሊጨርስ ምሎ ነበር።

ሁለተኛው ጫፍ እንዳየሱስ ነው። ረፋዱ ላይ ጫፉ ላይ ተቀምጦ ቁልቁል ሲያይ፣ ቀዳማይ ወያነ በሚባለው ሰፈሩ፣ ከጎረቤቱ ሰማያዊ የውሃ ታንከር አጠገብ፣ በገዛ ደጃፉ ድንኳን ሲተከል አየ። ሰው ይጎርፋል። ልቡ ድንግጥ አለ፤ ከዚያ ረጋ። ሽማግሌው አረፉ አለ በሆዱ። እውነቱን ለመናገር፣ እፎይ ነው ያለው። ለቅሶ እንደሆነ አያመልጥም፤ ነገም ከነገ ወዲያም አለ። ዳቦውን በልቶ የቀሩትን ሁለቱን ጫፎች ወጣ። መንገድ ላይ ያፏጭ ነበር።

ዕድሩ በሌላ ኮረብታ ሲያፈላልገው ውሎ፣ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ቀበራት። እሱ ፊቱን ለሐዘን አዘጋጅቶ ሲገባ፣ አባባ ወልደጊዮርጊስን አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ አገኛቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል እንዲህ ያለውን፤ ጮኸ፣ መሬት ላይ ተንከባለለ፣ አዛኙ ሁሉ አብሮት አለቀሰ።

አሁን አደይ ኣስካል ሰሃኑን ይዘው ሲወጡ፣ ሔሩይ ለሽማግሌው ውሃ ይዞ ገባ። ከአያልነሽ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። ከእንግዲህ የሚያነሳቸው እሱ ብቻ ነው፤ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ።

«ሔሩይ» አሉት። ምላሳቸው ስለተሳሰረ ቃሉን እየቆራረጡ ነው የሚያወጡት። «ከእንዳየሱስ ላይ ቤታችን ይታያል ትላት ነበር።»

«ይታያል፣ አባባ።»

«ድንኳኑስ?»

አላየሁም ማለት ይችል ነበር። ከተማው ሁሉ አምኖለታል፤ እኚህም ሊያምኑት ፈልገው ይሆናል የጠየቁት። ግን ከነውሸቱ እዚህ ክፍል ውስጥ ከእሳቸው ጋር መኖር አቃተው።

«አየሁት» አለ። «እርስዎ መስለውኝ ነው።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ምነው እኔን ባደረገው» አሉ።

ሔሩይ አልጋው ሥር ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሹራቡን አልቀየረም፤ ክንዱ ላይ የተራራው ጭጎጎት እንደተጣበቀ ነው። ሽማግሌው ደህናውን እጃቸውን ዘረጉ። ይመቱኛል ብሎ ጠበቀ። ጭጎጎቱን አንድ በአንድ ይለቅሙለት ጀመር።