የስድስተኛው ፎቅ መታጠፊያ

«ወደ ላይ በሉት! ኧረ ወደ ላይ!» አለ አናጺው።

ሳጥኑ ግን ወደ ላይም ወደ ታችም አልል ብሎ መታጠፊያው ላይ ተቀረቀረ። እግርጌው የግድግዳውን ቀለም ፍቆ ነጭ አቧራ አራገፈ፤ ራስጌው የደረጃውን የብረት መደገፊያ ተደግፎ ቀረ። ከፊት የያዘው አናጺው ነው፤ ከኋላ ታናሽ እህቱና የግቢው ዘበኛ። ውስጥ ያሉት አባታቸው ናቸው።

«ትንሽ ቀና አድርገን ብናዞረውስ?» አለ ዘበኛው እያለከለከ። «ጠዋት ስታወጣው እንደዚያ አልነበር ያደረግከው?»

ቀና አደረጉት። ወዲያው ውስጥ የሆነ ነገር ተንሸራተተና ጣውላውን ጓ! አደረገው። እህቱ ጮኸች።

«መልሱት! መልሱት! ጠዋት እኮ ባዶ ነበር!» አለ አናጺው።

ስህተቱ የገባው ይሄኔ ነው። ሳጥኑን የሠራው ራሱ ነበር። ትናንት ከሰዓት በኋላ አባቱ እንዳረፉ ሥራ ቦታው ሄዶ፣ ለደንበኛ ካስቀመጠው ደህና ጣውላ መርጦ፣ እያለቀሰ ሠራው። የአባቱን ቁመት ለክቷል፤ የትከሻቸውንም ስፋት ለክቷል። ረጅም ስለነበሩ የድሮው ሰፈር ሰው «መሰላል» ነበር የሚላቸው። ዛሬ ጠዋት ባዶውን ሳጥን ብቻውን ተሸክሞ ሲወጣ በየመታጠፊያው እያቆመ አሳለፈው፤ ምንም አልከበደውም። ሙት ተኝቶ እንጂ ቆሞ እንደማይወርድ ግን ትዝ አላለውም። «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» እያሉ አናጺነት ያስተማሩትን የአባቱን ሳጥን ሲሠራ ደረጃውን ሳይለካ ቀረ።

ወደ ቤት መልሰው ሶፋውና ቴሌቪዥኑ መካከል አሳረፉት። ሌላ ቦታ የለም። ከታች የሬሳ መኪናው ጡሩምባ ተሰማ። ሾፌሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን መንገድ ዘግቶ ስለቆመ ከመኪናው አይወርድም፤ ከዚህም ሌላ ቀብር አለበት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጠብቃለሁ ብሏል። አሁን ስምንት ተኩል ሆኗል።

«ስድስት ሰው ቢኖር መደገፊያውን አሻግረን፣ ከራሳችን በላይ ይዘነው እንወርድ ነበር» አለ አናጺው። «ስድስት ሰው ብቻ።»

«የእኛዎቹ የት ደረሱ? እስቲ ደውልላቸው፣ ወንድም ጋሼ» አለች እህቱ።

የእኛዎቹ የምትለው የድሮውን ሰፈር ሰው ነው። እዚያ ቢሆን ሬሳ የሚሸከም ፍለጋ ማን ይወጣ ነበር? ጩኸት ሲሰማ አርባ ትከሻ ከተፍ ይላል፤ እንዲያውም «እኔ አልደረሰኝም» ብሎ የሚቀየም ነበር። ያ ሰፈር ከስምንት ወር በፊት በሦስት ቀን ፈረሰ። በመሃሉ ሰፊ መንገድ ወጣበት፤ ሰዉ ደግሞ በዕጣ ተከፋፍሎ በከተማው ጫፍና ጫፍ ተበተነ። የአናጺው አብሮ አደግ፣ በያጁ፣ ቤት የደረሰው ከከተማው በወዲያኛው በኩል ነው።

«የት ናችሁ?» አለው አናጺው ደውሎ።

«ቅድም ያልኩህ ቦታ ነን» አለ በያጁ። ከኋላው የመኪና ጡሩምባ ይንጫጫል። «በጠዋት ነው የወጣነው፤ አንድ ሙሉ ሚኒባስ ሆነን። ድልድይ እየሠሩ ነው አሉ፣ መንገዱ ተዘጋግቷል። ጎማ ከዞረ ሰዓት አልፎታል።»

«በእግር...»

«ከዚህ? በእግር ከመጣን ነገ ነው የምንደርሰው።» ድምፁ ተሰበረ። «በቃ መሰላልን ሳልሸከም ልቀር ነው? የሠሩልኝ በር እኮ እስኪፈርስ ድረስ አልጎበጠም።»

አናጺው ስልኩን ዘጋ።

ዘበኛው ጉሮሮውን ጠራረገ። «ይኼውልህ፣ እንዳትቆጣኝ። ዕቃ የምናወጣበት ገመድ እኔ ጋ አለ። በበረንዳው በኩል...»

«አባቴ ፍሪጅ ናቸው?» አለች እህቱ።

«ኧረ እኔ...»

«ፍሪጅ ናቸው ወይ ነው የምልህ!»

አናጺው ዓይኑን ጨፈነ። እዚህ ቤት የገቡ ዕለት ቁም ሳጥናቸው በገመድ ታስሮ አየር ላይ ሲወዛወዝ አባቱ ከታች ሆነው አንጋጠው ያዩ ነበር። «እኔንስ በምን ልታወርዱኝ ነው?» ብለው ሁሉንም አሳቁ። ከዚያ ደረጃውን ሦስት ቦታ አርፈው ወጡ፤ ጉልበታቸውም በዚያው እምቢ አለ። ስምንት ወር አልወረዱም። በረንዳው ላይ ተቀምጠው የሚያልፍ የሚያገድመውን ሰው እጅ እየነሡ ይውሉ ነበር፤ እዚያ ስድስተኛ ፎቅ ላይ የሚያያቸው ያለ ይመስል።

«ጎረቤት ልጠይቅ» ብሎ ወጣ።

በሮቹ ሁሉ ግራጫ ብረት ናቸው፤ የሚለዩት በቁጥር ነው። አጠገባቸው ካሉት በሮች አንዱን ሲያንኳኳ ከውስጥ የነበረው ዘፈን ጸጥ አለ፤ በሩ ግን አልተከፈተም። በሌላው «እማዬ ለማንም አትክፈቺ ብላኛለች» የሚል ቀጭን ድምፅ መለሰለት። አምስተኛ ፎቅ ላይ በማያ ቀዳዳው አንድ ዓይን ብቅ አለ።

«ማን ነው?»

«ጎረቤት ነኝ፣ ከላይ። አባቴ አርፈውብኝ የሚሸከም ሰው ፈልጌ ነበር።»

«ከላይ የትኛው?»

«ስድስት መቶ አንድ።»

«እዚያ ቤት ሽማግሌ ሰው አለ እንዴ?»

ሰውዬው በክፋት አልነበረም የጠየቀው፤ የእውነት አያውቅም። ስምንት ወር ከሰውዬው ራስ በላይ የኖሩ፣ በከዘራቸው ወለሉን ሲያንኳኩ የዋሉ ሰው!

«ወገቤን ባልታመም... እግዜር ያጽናችሁ» አለ ሰውዬው፤ ቀዳዳው ጨለመ።

አናጺው ሊሰድበው አፉን ከፈተና ተወው። ምን አፍ አለው? ባለፈው ወር ከሥራ ሲመለስ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ልቅሶ ሰምቷል። የማን ቤት እንደሆነ ስላላወቀ፣ ደክሞትም ስለነበር፣ ሰምቶ እንዳልሰማ አልፎ ነበር የወጣው።

አራተኛ ፎቅ አንድም በር አልተከፈተም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ብቻ ተከፈተ። ጥቁር የለበሰች ሴት ቆማለች። አናጺው አንገቱን ደፋ።

«የላይኛው ጎረቤት ነኝ። አባቴ...»

«ጩኸታችሁን ሰምቻለሁ» አለች። «ልምጣ አልምጣ እያልኩ ነበር። ሳጥኑ መታጠፊያው ላይ እምቢ አላችሁ አይደል?»

«በምን አወቅሽ?»

«እናቴን ሳወርድ እኔንም እምቢ ብሎኝ ነበር። በኋላ አውጥቼ አዘልኳት። ሳጥኑን ባዶውን አንድ መንገደኛ አወረደልኝ።»

«ያን ቀን ልቅሶውን ሰምቼ ነበር» አለ አናጺው። ፊቱ በእፍረት ነደደ። «ሰምቼ አለፍኩ።»

«ሁሉም ሰምቷል» አለች ሴትዮዋ፣ ምንም ሳትቆጣ። በሩን ቆለፈችና ደረጃውን ቀድማው መውጣት ጀመረች።

ሲደርሱ ጡሩምባው እንደገና ተነፋ። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነው። ሴትዮዋን ቆጥሮም አራት ናቸው፤ ከራስ በላይ ተይዞ ስድስት ፎቅ የሚወርድ ሳጥን አይደለም። አናጺው ከኪሱ ጠመንጃ መፍቻውን አውጥቶ ተንበረከከ፤ ጠዋት ያጠበቃቸውን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈታ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለች እህቱ።

«ላዝላቸው።»

እህቱ ተቃወመች፣ አለቀሰች፣ ከዚያ አንሶላውን አመጣች። ሽማግሌው እንደ ሳንቃ ደርቀዋል፤ ግን በሽታው ጨርሷቸው ቀለዋል። ሴትዮዋና ዘበኛው ከጀርባው አስደግፈዋቸው አንሶላውን በደረቱ ላይ አጥብቀው አሰሩለት። የአባቱ አገጭ ትከሻው ላይ አረፈ። ልጅ ሳለ እሱ ነበር በአባቱ ትከሻ ላይ አገጩን አሳርፎ ጣውላ ተራ የሚሄደው፤ ይህ ትዝ ሲለው እንባው ፊቱን አጠበው፣ የሚጠርግበት እጅ ግን አልነበረውም።

እህቱ ከኋላ እግራቸውን ያዘች። ሴትዮዋና ዘበኛው ባዶውን ሳጥን አነሡ። ከቤት ወጥተው ደረጃው ላይ ሲደርሱ ታች አንድ በር ሲከፈት ተሰማ፤ ቀጥሎ ሌላ። ለመርዳት ይሁን ለማየት አይታወቅም።

«ሰው እየወጣ ነው» አለች እህቱ በሹክሹክታ። «ፊታቸውን ልሸፍነው፣ ወንድም ጋሼ?»

አናጺው በአንድ እጁ መደገፊያውን ጨበጠ።

«ተይው» አላት። «ይዩአቸው። ስምንት ወር ጎረቤታቸው ነበሩ።»