መስከረም አንድ የተወለዱ

ወይዘሮ ወሰንየለሽ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጠው፣ በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። ከደንዲና ከወንጪ የሚመጣው ገበሬ የተወለደበትን ቀን አያውቅም፤ ሰልፉ ደግሞ እስከ በር ነው። ስለዚህ ዕድሜውን በዓይናቸው ሃያ፣ ሠላሳ ብለው ይገምቱና ቀኑን መስከረም አንድ ብለው ይጽፉለታል። ከእሳቸው በፊት የነበረውም፣ በኋላ የመጣውም ያደረገው ይህንኑ ነው።

ለልጅ ልጃቸው ለሰሎሜ ይህን ያወሯት እየሳቁ ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም። ሰሎሜ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮምፒውተር ታስተምራለች፤ ሆስፒታሎች የታካሚ መዝገብ በኮምፒውተር የሚለዋወጡበትን የስታንዳርድ ረቂቅ መርምረው ከሚያጸድቁት አሥራ አንድ ሰዎችም አንዷ ናት። ወረቀቱን አምጥታ አንቀጽ አሥራ አራትን አነበበችላቸው። ስማቸው፣ የአባታቸው ስምና የልደት ቀናቸው አንድ የሆነ መዝገቦች እንደ አንድ ሰው ተቆጥረው ይዋሐዳሉ ይላል።

«አኮ፣ ጂቱ ሞቱማ የምትባል ስንት አለች?» አለች። አያቷን እንደ ሰፈሩ ልጆች አኮ ነው የምትላቸው።

«ኧረ በየቀበሌው ናት።»

«ሁሉም መስከረም አንድ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? እናታቸውን ጠርቼ ልጠይቅ?»

«አንዷን ፔኒሲሊን የሚገድላት ቢሆንስ? የሌላዋን ካርድ አይተው ቢወጓትስ?»

ወይዘሮ ወሰንየለሽ ወረቀቱን ተቀብለው አንቀጹን ራሳቸው አነበቡት።

ሰሎሜ ተቃውሞዋን ጻፈች፤ መላኪያ ግን አጣች። ጊዜው ጥር 2012 ነው፤ ስልኩም ኢንተርኔቱም ከተቋረጠ ሰንብቷል። የኮሚቴው ደንብ ደግሞ እስከ አርብ አሥራ አንድ ሰዓት መልስ ያልላከ አባል እንደተስማማ ይቆጠራል ይላል። ኔትወርክ ወዳለበት ወደ ሆለታ ሄዳ መላክ ነበረባት።

ሐሙስ ማታ እሷ ከሥራ ሳትገባ ሚኒባስ የሚነዳው ጎረቤታቸው ባይሳ ብቅ አለ።

«እማማ፣ ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ወደ ሆለታ እወጣለሁ። ሰሎሜ መናኸሪያ ትምጣ፤ ጋቢና ይዤላታለሁ።»

«መንገዱስ?»

«መንገዱ ምን ይሆናል? ዛሬም ጊንጪ ደርሼ መጣሁ። ሁለት ቦታ ፈተሹኝ፤ ከስንቄ በቀር ያገኙት የለም» ብሎ ሳቀ።

እሳቸው የሰሙት ፈተሹኝ ያለውን ብቻ ነው። የሰሎሜ አባት ምትኩ በዚሁ መንገድ ለሁለት ቀን ብሎ ወጥቶ የተመለሰው በሣጥን ነበር።

ሰሎሜ ስትገባ «ባይሳ መጥቶ ነበር፤ መንገዱ ተዘግቷል አለ» አሏት።

«ነገም?»

«ነገም።»

ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። አርብ ሙሉ ቀን ስልኳን እያነሳች ታያለች፤ ታስቀምጣለች። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሻይ አቀረቡላት። አልጠጣችውም።

ኔትወርኩ ሲመለስ የጸደቀው ስታንዳርድም አብሮ መጣ። ለኮሚቴው ጸሐፊ ጻፈች። ጊዜው አልፏል፣ የሚቀጥለው ክለሳ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው የሚል መልስ አገኘች። የጸደቀውን ከኮሚቴው አባላት ስም ዝርዝር ጋር አትማ ይዛ ስትመጣ ባይሳ በራቸው ላይ ከአያቷ ጋር ቆሟል።

«አንቺ ኩሩ፣ ሚኒባስ ናቅሽ አይደል? ያን አርብ እስከ አንድ ሰዓት ጠብቄሽ ተሳፋሪው ሰደበኝ» አላት።

«መንገዱ ክፍት ነበር እንዴ፣ ኦቦ ባይሳ?»

«እንደ ጠጅ ቤት በር። ለእማማ ነግሬ የለም እንዴ?»

ሰሎሜ አያቷን አየቻቸው። እሳቸው የነጠላቸውን ጫፍ ያያሉ።

ቤት ገብተው ወይዘሮ ወሰንየለሽ ልጅቱ እስክትቆጣ ጠበቁ። አልተቆጣችም። እራት አቀረበች፤ እንጀራውን ወደ እሳቸው አስጠጋች።

«ሰሎሜ፣ የሆነ ነገር በይኝ እንጂ። ስደቢኝ።»

«እራትሽን ብዪ፣ አኮ።»

«አባትሽ እኮ…»

«አውቃለሁ» አለችና ተነስታ ወደ ክፍሏ ገባች።

ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። መነጽራቸውን አድርገው፣ ካርድ ክፍል ስም ሲፈልጉ እንደለመዱት፣ በጣታቸው ከላይ ወደ ታች ወረዱ። ሰባተኛው ስም ላይ ቆሙ። ስሟ እስከ አያት ተሟልቶ፣ ሳይሳሳት ተጽፏል። ሰሎሜ ምትኩ ተድላ። ከጎኑ፦ ተስማምታለች።