ለባዕድ የሚሰጥ ቅጠል

"ቀረብ ብለው ይዩት እንጂ፣ እትዬ በየነች! አይነክስም እኮ!"

ኤፍሬም የመስታወት ሳህኗን ወደ ላብራቶሪው መስኮት ብርሃን አንስቶ ያዘላት። በየነች ነጠላዋን አጣፍታ አንገቷን አሰገገች። ሳህኗ የሲኒ ማስቀመጫ ታህላለች፤ ውስጧ ያለው የረጋ ነገር ነጭ ጉም የመሰለ ሽፋን ለብሷል። ያ ጉም ጀርም ነው ብሏታል። መካከሉ ላይ ግን ምስር የምታህል ወረቀት ተቀምጣ፣ ዙሪያዋን ጀርሙ ድርሽ ያላለበት ጥርት ያለ ክብ ይታያል።

"ይቺ ወረቀት የእርስዎ ቅጠል ጭማቂ ውስጥ የተነከረች ናት። ጀርሙ አጠገቧ መድረስ አቃተው! አሥራ ዘጠኝ ሚሊሜትር ነው፣ በማስመሪያ ለክቼዋለሁ። ፋርማሲ የሚሸጠው መድኃኒት እንኳ ሃያ ሁለት ነው።"

"እሰይ የኔ ልጅ" አለች በየነች። ያለችው ግን ለይምሰል ነው። ኤፍሬም የሚያሞግሰው ቅጠል መድኃኒቷ አልነበረማ!

ከሸዋ ቤንች እስከ ሚዛን ድረስ የቁስል መድኃኒት ሲባል የሚነሳው የበየነች ስም ነው። ገጀራ የቆረጠው፣ እሳት የፈጀው፣ እሾህ ወግቶት ያመረቀዘበት ሁሉ ደጇን ይረግጣል። መድኃኒቱ ጫካ ዳር ከሚሳብ ሐረግ የሚለቀም ትንሽ ቅጠል ነው፤ የወረሰችውም ከአባቷ ከታፈሰ ነው። አባቷ ሊሞት ሲል ሐረጉን አሳይቷት አንድ ትእዛዝ አስከተለ። "ለባዕድ ስትሰጪ ብቻውን እንዳትሰጪ። ይሄን የአጥር ቅጠል ቀይጪበትና አብረሽ ውቀጪው። የሰው ዓይን ሌባ ነው፤ የቱ መድኃኒት እንደሆነ አይወቅብሽ። ለቤተሰብሽ ግን ንጹሑን ስጪ፤ ከቤተሰብ ምን ይደበቃል?" የአጥሩ ቅጠል እንግዲህ ማደናገሪያ ነው። ሳይዘሩት የሚበቅል፣ ፍየል እንዳሻት የምትግጠው፣ ስም እንኳ ያልወጣለት አረም።

ኤፍሬም የጎረቤቷ የከፈለኝ ልጅ ነው። ተምሮ ሚዛን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መምህር ሆኗል። ከስድስት ወር በፊት ሁለት ኪሎ ስኳር ይዞ መጣና፣ ለማስተርሱ የአገሩን መድኃኒት ላብራቶሪ ሊያስገባ እንደሚፈልግ አጫወታት። በየነች የጎረቤት ልጅ ማሳፈርም ሆነ የአባቷን ቃል ማፍረስ አልሆነላትም። መካከለኛውን መንገድ መረጠች። ከአጥሯ ሥር አንድ ማዳበሪያ ሙሉ አረም አጭዳ፣ "እንካ ልጄ፣ የአባቴ አደራ ነው" ብላ ሰጠችው። ፊቷ ላይ ቅንጣት ነገር አይነበብም ነበር። ሞክሮ ሞክሮ ሲያቅተው ይተወዋል፤ እሱም አይቀየም፣ እኔም ቃሌን አልበላ፣ ብላ ነበር ያሰበችው። የፍየል ቀለብ ጀርም ያባርራል ብሎ ማን ይጠርጥር?

"በወሩ መጨረሻ ከጅማ እንግዶች ይመጣሉ" አለ ኤፍሬም። "ውጤቱን ለእነሱ አቀርባለሁ። እርስዎ ከፊት ይቀመጣሉ። ስምዎንም ጽፌዋለሁ፣ ይኸውልዎት።"

ኮምፒዩተሩ ላይ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል፦ የባህል መድኃኒት ዐዋቂ፣ ወይዘሮ በየነች ታፈሰ። በየነች የራሷን ስም ዐለፈችውና ዓይኗ አባቷ ስም ላይ ተተከለ። ታፈሰ የፍየል ቀለብ ላይ ተጽፏል። "በል ደኅና ዋል" ብላው ወጣች።

በሩ ላይ ዘበኛው መታወቂያዋን መለሰላት። ባጃጁ "አማን! አማን! አንድ ሰው!" እያለ ይጣራል። አንድ እግሯን ካስገባች በኋላ ሐሳቧን ለወጠች። ባለባጃጁ "እማማ፣ ይወስኑ እንጂ!" አላት። ወሰነች፤ መታወቂያዋን ለዘበኛው መልሳ አስረክባ ወደ ላብራቶሪው ተመለሰች።

"ተቀመጥ ልጄ።"

"ምነው እትዬ፣ የረሱት ነገር አለ?"

"ተቀመጥ አልኩህ። ዋሽቼሃለሁ። ያ ቅጠል የአባቴ መድኃኒት አይደለም። የአጥር አረም ነው፤ የፍየል ቀለብ።"

ኤፍሬም ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። "ስድስት ወር፣ እትዬ" አለ ቀስ ብሎ። "በጥላ አድርቄ፣ ፈጭቼ፣ አልኮል ውስጥ ዘፍዝፌ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር እንደ አዲስ ጀምሬ... ለፍየል ቀለብ?"

"ለፍየል ቀለብ" አለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

ሳህኗን አየ፤ እሷን አየ። ከዚያ ሳቁ አመለጠው፤ ከት ብሎ ሳቀ። "ግን እኮ ሠርቷል! እርስዎ ቢዋሹም ሳህኑ አልዋሸም! እውነተኛውስ ታዲያ የታል?"

ኩራት ክፉ ነው። በየነችን አባቷ ካሰራት ቃል የፈታት ሳይንስ እንዳይመስላችሁ፤ ኩራት ነው። አረሙ አሥራ ዘጠኝ ካመጣማ፣ የአባቴ ቅጠል ሳህኑንም ይበሳዋል፣ ብላ አሰበች። "ቅጠሉን አመጣልሃለሁ" አለችው። "ስሙን አትጠይቀኝ፣ የሚበቅልበትንም አትጠይቀኝ። ብቻ ከዚህ አረም ጎን አስቀምጠውና እንግዶችህ የአባቴን ጉልበት ይዩት።"

ኤፍሬም አረሙ ላይ "ሀ"፣ በማግስቱ ይዛለት በመጣችው ቅጠል ላይ "ለ" ብሎ ጻፈ።

ቤቷ ውስጥ ግን የሚያሳስባት ሌላ ነገር ነበር። ባሏ ገብረወልድ ነሐሴ ላይ የቡናውን ሥር ሲመነጥር ገጀራው አምልጦት ቅልጥሙን መታው። ጤና ጣቢያ ሰፍተውለታል፣ ኪኒንም ሰጥተውታል። እሷ ደግሞ ፋሻውን እየፈታች፣ ያላትን ምርጥ መድኃኒት፣ ንጹሑን ቅጠል፣ ጠዋት ማታ ትለጥፍለታለች። ቁስሉ ይኸው ጥቅምት ሲጋመስም አልዘጋም። ነርሷ "አጥንቱ ጋ ከደረሰ እግሩን ያሳጣዋል" ካለቻት ወዲህ በየነች እንቅልፍ የላትም። ቡናው ቀልቷል፤ ገብረወልድ አግዳሚው ላይ እግሩን ዘርግቶ ሰው ሲለቅምለት ያያል።

"ጎረቤቱን ሁሉ በሁለት ሳምንት ታድኚያለሽ" ይላታል ሊያስቃት። "እኔ ጋ ስትደርሺ መድኃኒቱ ይሰንፋል። ነቢይ በአገሩ አይከበርም ማለት ይኼ ነው።"

እሷም ትስቃለች። የቤቱ የቆየ ተረብ ነው። ልጃቸው ትዝታ በሕፃንነቷ ፍም ሲያቃጥላት ዓመት ሙሉ ነበር ያመማት፤ የበየነች ወንድም ጣትም እንደዚሁ ነው የከረመው። መድኃኒት የቤት ሰው ላይ ይሰንፋል እያሉ ለምደውታል።

በሁለተኛው ሳምንት ኤፍሬም ደወለ። እንደፊተኛው አልጮኸም። "ቢመችዎ ብቅ ይበሉ" ነው ያለው።

ሁለቱን ሳህኖች ጎን ለጎን አስቀመጠላት። "ሀ" እንደ በፊቱ ነው፤ ክቡ ጥርት ብሏል። "ለ" ላይ ግን ጀርሙ እስከ ወረቀቷ ጠርዝ ድረስ ግጥም ብሎ በቅሏል።

"ይሄ የቱ ነው?" አለች፤ አጥታው ግን አልነበረም።

"ያመጡልኝ ቅጠል ነው።"

"ድገመው።"

"ሦስት ጊዜ ደገምኩት፣ እትዬ።"

ፊቷ ነደደ። መጀመሪያ አፈረች፣ ቀጥሎ ተናደደች፣ ከዚያ አባቷ ናፈቃት፤ ቢኖር ኖሮ ወንበር ላይ አስቀምጣ ትጠይቀው ነበር። ሠላሳ ዓመት ሰው "እጅሽ ይባረክ" ሲላት የነበረው ለምኑ ነው? ዳኑ የተባሉትስ ማን አዳናቸው?

ኤፍሬም ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበ። ባቱ ላይ የጣት ርዝመት ያለው ጠባሳ አለ። "ይሄን ያዳኑት እርስዎ ነዎት። ሰባት ዓመቴ ነበር፣ ቆርቆሮ ቆርጦኝ። በአሥረኛው ቀን ኳስ ሜዳ ተመለስኩ። ለዚህ ነው እኮ ወደ ሌላ ሰው ሳልሄድ እርስዎ ጋ የመጣሁት። ያኔ የትኛውን ነበር የሰጡኝ?"

"ለአንተማ..." አለች በየነች፣ "አንተ የሰው ልጅ ነበርክ፣ ባዕድ፤ ሁለቱን ቀይጬ ነዋ የሰጠሁህ።"

"ለቤተሰብስ?"

አፏን በእጇ ያዘች። ዓመት ሙሉ ያለቀሰችው ትዝታ ታየቻት። የወንድሟ ጣት ታያት። አግዳሚው ላይ የተዘረጋው የገብረወልድ እግር ታያት።

"ንጹሑን!" አለች። "ወይኔ በየነች! ለቤተሰቤ እያዳላሁ መስሎኝ፣ መድኃኒቱን ለባዕድ ሳድል ነው የኖርኩት!"

ሳቋና እንባዋ አንድ ላይ መጡባት። ኤፍሬም መሳቅ ፈርቶ ሲያፍን ቆየ፤ እሷ ስታስጀምረው ግን አልቻለም።

"አባትዎ ያውቁ ይሆን?" አላት ሲረጋጉ።

"እንጃ። እሱንም አባቱ እንዲሁ አዝዘውት ይሆናል፤ ወይ ደግሞ ከእኔም ደብቆ ይሆናል። ታፈሰን ማን ይደርስበታል?"

ኤፍሬም ወደ ቁምነገሩ ተመለሰ። "እትዬ፣ ሳህን ላይ ያለ ጀርምና ሰው እግር ላይ ያለ ቁስል አንድ አይደሉም። አረሙ ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ገና አልመረመርኩም። የእርስዎም ቅጠል እኔ ያላየሁት ሥራ ሊኖረው ይችላል። አባባ ገብረወልድን ግን ነገ አማን ሆስፒታል ይውሰዷቸው። ስኳራቸውም ይታይ። እኔ በር ላይ እቆያችኋለሁ።"

"እሺ" አለች በየነች። ሐኪም ቤት ሂጂ ሲሏት እንዲህ ቶሎ እሺ ስትል የመጀመሪያዋ ነው።

"የ'ለ'ን ባዶ ውጤት ከጽሑፉ ላውጣው? ማንም አይጠይቀኝም።"

"አታውጣው። ከአንድ ውሸት ወጥቼ ሌላ ውስጥ አልገባም። ሁለቱንም ጻፍ፤ የአባቴ ስምም እዚያው ይቆይ። ቀይጪ ብሎ ያዘዘኝ እሱ ነው።"

ወደ ቤቷ ስትመለስ ልቧ ቀሏት ነበር። ከባጃጅ ወርዳ በቀጥታ ወደ አጥሩ ሄደች። ፍየሏን ገፋ አድርጋ፣ "ለዛሬ ለእኔ ተዪልኝ" ብላት አንድ እፍኝ ቀነጠሰች። ውኃ አፍልታ እጇን ታጠበች፤ ሙቀጫውንም በፈላው ውኃ አጠበችው። የአባቷን ቅጠል ከጓዳ አወጣች።

ገብረወልድ ከአግዳሚው ላይ ሆኖ ሲያያት ቆየ። በሠላሳ ዓመት ትዳር የትኛው ቅጠል ለማን እንደሚሰጥ ጠንቅቆ ያውቃል።

"አንቺ፣ ይሄ ለባዕድ የሚሰጠው አይደለም እንዴ? ምን አጠፋሁ?"

"ነገ በጠዋት አማን ሆስፒታል እንሄዳለን፣ እንቢ እንዳትለኝ" አለች። "እስከዚያው ግን ገብሬ፣ በሞቴ፣ ለአንድ ቀን ባዕድ ሁንልኝ።"

ሁለቱን ቅጠሎች አንድ ላይ ሙቀጫው ውስጥ ጨምራ መውቀጥ ጀመረች።