ከሣሩ ኋላ የቆመው ሰው

ዳልጮ በሰባ ዓመት ዕድሜው እርጥብ ሣር የተሻገረው አንድ ቀን ብቻ ነው። ያቺን አንድ ቀን ግን እስኪሞት ሲሻገራት ይኖራል።

ከአባያ ሐይቅ በላይ፣ ከላንቴ ወዲህ ባለችው መንደራቸው ሽምግልና ሲባል እሱ ነበር። ደም ሊያፈስ በተነሳ ሰው ፊት ሣር ይዞ የሚንበረከክ፣ «ቁም! መጀመሪያ ስማ!» የሚል እሱ። ሣር የተያዘበት ሰው ልቡ ቢነድም ይቆማል፤ ይሰማል። ሣር ረግጦ ያለፈ መጨረሻው አያምርም። ይህንንም ለመንደሩ ልጆች ያስተማረ ራሱ ዳልጮ ነው።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ሚያዝያ ላይ፣ ልጁ አስናቀ ዓሣ ሊገዛ ወደ አባያ ዳር እንደወረደ ቀረ። ሬሳው በቀትር ተገኘ። ጭንቅላቱን በዱላ ብለውታል፤ ጋቢውን ገፈውታል። አባቱ በገዛ እጁ የሸመነለትን ጋቢ።

ዳልጮ ቀበሌ ሄደ። ሊቀ መንበሩ ገነነ ነው፤ ያ ልጅ ሳለ ከዳልጮ የሽመና ጉድጓድ ዳር ተቀምጦ ክር ሲያቀብል ያደገው ገነነ። አሁን ካኪ ለብሷል፤ ለአሳዳጊው ወንበር እንኳ አላቀረበም።

«አባት፣ አብዮቱ ስንት ጠላት አለበት! እኛ የአንድ ጋቢ ሌባ ፍለጋ እንውጣ?»

«ጋቢ አይደለም የጠፋብኝ። ልጅ ነው።»

«በሉ ማመልከቻ አስጽፈው ይምጡ። ረዘም አያድርጉት ታዲያ፤ ሸማኔ መቼስ ክር መጎተት ይወዳል።»

በር ላይ የቆሙት ጠባቂዎች ሳቁ።

ማመልከቻውን ሦስት ጊዜ አስጻፈ። አንዱም አልተነበበለትም። ከዚያ ጦሩን ከተሰቀለበት አወረደ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው አቤቱታውን በሌላ በምን ይጻፍ?

ሰኔ ላይ ገበያ መሐል ጋቢውን አየው፤ በዘካሪያስ ትከሻ ላይ። ዘካሪያስ የመበለቷ የልክነሽ ልጅ ነው፤ ሙዝ ያመርታል፣ ዞሮም ይሸጣል። ሸማኔ የእጁን ሥራ እንደ ልጁ ድምፅ ያውቃል። ዳልጮ ጥለት ሲጨርስ ቀዩን ክር ሁለት ጊዜ ይቋጥር ነበር። ጠጋ ብሎ ዳሰሰው። ሁለት ነው።

«ወደዱት እንዴ ጋሽ ዳልጮ?» አለ ዘካሪያስ እየሳቀ። «ካምባ ገበያ ነው የገዛሁት። ስመለስ ለእርስዎም ላምጣልዎት?»

ሌባ ከየት አመጣኸው ሲሉት ሩቅ አገር ይጠራል፤ ዳልጮ ያሰበው ይህንን ነው። ገዳይ የገደለውን ሰው ጋቢ ለብሶ ገበያ እንደማይወጣ አላሰበም። ቤቱ ገብቶ «እገድለዋለሁ» ብሎ ለጎረቤት ተናገረ፤ ጦሩንም ሲስል ሦስት ቀን ዋለ። ወሬው ልክነሽ ጆሮ ደረሰ፤ እሷም ወደ ሽማግሎች ሮጠች።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሲወጣ፣ ሽማግሎች ሣር ይዘው ደጁ ላይ ተንበርክከዋል። ከፊት ያለው ወልደየሱስ ነው፤ አርባ ዓመት አብሮት ሲያስታርቅ የኖረ። ከኋላቸው ነጭ ቆብ ያደረገ እንግዳ ሰው ቆሟል። ጫማው አቧራ ጠጥቷል፤ በብብቱ ጥቅል ይዟል።

«ዳልጮ፣ ቁም! መጀመሪያ ስማ!»

የገዛ ቃሉ ነበር።

«ሣር የላከ ጥፋቱን ያመነ ነው» አለ ዳልጮ።

«አንተ ነህ ይህን የምትል? ስንቱን ንጹሕ ሰው በሣር ያተረፍክ አንተ?»

«እኔን ማን ሰማኝ? እናንተም ቀበሌ ሂዱና ማመልከቻ አስጽፉ!»

በሣሩ ላይ ተራምዶ ሄደ።

ዘካሪያስ እናቱ ተደበቅ ብትለው፣ «ያላጠፋሁት ምን ያስደብቀኛል?» ብሎ ማሳው ውስጥ የሙዝ ዘለላ ይቆርጥ ነበር። «ጋሽ ዳልጮ...» ብሎ ቀና አለ። ከዚያ በላይ አላለም።

ዳልጮ ሲመለስ ሽማግሎቹ ከደጁ አልተነሱም። ጦሩ ላይ ያለውን ደም ሲያዩ የያዙትን ሣር መሬት ላይ አኖሩ። ያ እንግዳ ግን መሬት ላይ ተቀምጦ ጥቅሉን ፈታ፤ ጋቢው ነው።

«ከሊል እባላለሁ፤ ካምባ ገበያ ልብስ እነግዳለሁ» አለ። «ለዘካሪያስ የሸጥኩለት እኔ ነኝ። ለእኔ የሸጠልኝ ደግሞ ከእናንተው ቀበሌ ጠባቂዎች አንዱ ነው። እናቱ ሰው ልካ አስመጣችኝ፤ ጋቢውንም እሷ ናት ያስያዘችኝ። ይህንን ልነግርዎት ነበር የመጣሁት፣ አባቴ። እዚህ ቆሜ ነበር እኮ!»

ዳልጮ በእግሩ ቀበሌ ሄዶ «እሰሩኝ» አለ። የጠባቂውንም ነገር ተናገረ። ገነነ ይህንን ሲሰማ ብድግ ብሎ በሩን ዘጋ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ወንበር አቀረበለት። ስለ ዘካሪያስም «ፀረ ሕዝብ ወንበዴ በሰፊው ሕዝብ ተወገደ» ብሎ ጻፈና ማኅተም መታበት።

«በቃ፣ ተዘግቷል። ይሂዱ አባት፣ ሽመናዎን ይሸምኑ።»

ዳልጮ እርጥብ ሣር ነጭቶ ልክነሽ ደጅ ተንበረከከ። ብቻውን ነበር፤ አብሮት ሣር የሚይዝ ሽማግሌ አልተገኘም። ፀሐይ አናቱ ላይ ወጣች፤ ሣሩ እጁ ላይ ጠወለገ። ከቀትር በኋላ ሴትዮዋ ወጥታ ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እኔ ሣር አልረግጥም፣ ጋሽ ዳልጮ። ይናገሩ፤ እሰማለሁ።»

ዳልጮ አፉን ከፈተ። ያን ያህል ዘመን ለሰው ሁሉ ሲናገር የኖረ ሰው፣ ለእሷ የሚሆን አንዲት ቃል አጣ። ልክነሽ ግን አልተነሳችም። እንደተቀመጠች ጠበቀችው።