ከቤተ ክርስቲያን አንድ ሺህ ጫማ

ጌሪት ፖስትማ ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ ሰው ሲያጨበጭብለት ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። በሚሺጋን ሐይቅ ዳር ያለችው የሆፍላንድ ከተማ ምክር ቤት፣ ጌሪት ለቤተ ክርስቲያኑ በስጦታ የሰጠው ባዶ መሬት የመኪና ማቆሚያ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ፈቀደ። አዳራሹ አጨበጨበ። ፓስተር ዲርክ ከፊት ወንበር ዞር ብሎ ፈገግ አለለት። ጌሪት አንገቱን ደፋ። ሆፍላንድ ውስጥ ሰው ሲመሰገን አንገቱን ይደፋል፤ ቀና ካለ ዕድሜ ልኩን ይወራበታል።

ያን ጊዜ ተነስቶ ቤቱ መግባት ነበረበት። ግን ጉልበቱን ያመዋልና ወንበሩን ተደግፎ ቀስ እያለ ሲነሳ፣ የምክር ቤቱ ጸሐፊ ሎሬታ ቀጣዩን ጉዳይ አነበበች፤ የሮክሳን የሕክምና ካናቢስ መደብር ዓመታዊ የፈቃድ እድሳት። ጌሪት መልሶ ቁጭ አለ።

"ይሄኛው አይታደስም" አለች ሎሬታ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ደንብ ስታነብ ግን ድምፅዋ ይቀየራል። "የካናቢስ መሸጫ ከቤተ ክርስቲያን ይዞታ ቢያንስ አንድ ሺህ ጫማ መራቅ አለበት። የሚለካው ከወሰን እስከ ወሰን ነው። እስከ ዛሬ ይርቅ ነበር። አሁን ግን ቤተ ክርስቲያኑ የሚስተር ፖስትማን መሬት አግኝቷል፤ እሱ ደግሞ ከመደብሩ ጋር አጥር ይጋራል።"

የመደብሩ ባለቤት ሮክሳን ከኋላ ተነሳች። ሠላሳዎቹ መጨረሻ ላይ ያለች፣ ፀጉሯን እንደ ነገሩ ጠቅልላ የምታስር ሴት ናት። "የቱ ቤተ ክርስቲያን? እዚያ ቦታ ላይ እኮ ያለው አረም ነው!"

"ደንቡ ይዞታ ነው የሚለው። ሕንፃ አይልም።"

"ታካሚዎቼስ? በዙሪያችን ያሉት ከተሞች በሙሉ ከልክለዋል። በዊልቸር የሚመጣ ሰው አለኝ፤ ካንሰር ያለባት አሮጊት አለችኝ። የት ይሂዱ?"

እስከ ወሩ መጨረሻ እንድትዘጋ ተወሰነ። ከጌሪት ጎን የተቀመጠው ሰው "እንኳን ደስ አለህ፣ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ መታህ" ብሎ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው።

ማንም ያላወቀው ነገር ይህ ነው። ባለፈው ዓመት የጌሪትን ሚስት ሄርሚናን አልማዝ ባለጭራ ያዛት። ቁስሉ ደረቀ፤ ሕመሙ ግን ከጀርባዋ አልነቀል አለ። ልብስ ሲነካት ታለቅሳለች፣ ሐኪም ያዘዘላትን ክኒን ስትውጥ ያስመልሳታል፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከዓይኗ ጠፋ። የወንድሟ ልጅ አንድ ቀን ምሳ ላይ "አክስቴ፣ ካናቢስ እኮ አሁን በሐኪም ወረቀት ይፈቀዳል" ቢላት፣ ሹካዋን አስቀምጣ "ሐሺሽ በፊት ለፊቱ በር ከገባ እኔ በጓሮው እወጣለሁ" አለችው። ካለች ደግሞ ትወጣለች። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት፤ ግማሹ ከተማ አሥርቱን ትእዛዛት ያጠናው እሷ ፊት ቆሞ ነው።

ጌሪት ምን ያድርግ? በራሱ ጉልበት ሕመም የካናቢስ ታካሚ ካርድ አወጣ። ጉልበቱንም የእውነት ነው የሚያመው፤ ሐኪሙን አልዋሸም። ሰው እንዳያይበት መኪናውን ከአንድ ጎማ መጠገኛ ጀርባ አቁሞ ሮክሳን ጋ ገባ። ሮክሳን ነጭ የናና ከረሜላ አሳየችው፤ መድኃኒቱ ከውስጡ ነው። "ለእርስዎ ብቻ ነው" ብላ አስጠነቀቀችው። "ለሌላ ሰው ከሰጡ እርስዎም እኔም እንጠየቃለን።" ጌሪት ራሱን ነቀነቀ።

ሆፍላንድ ውስጥ የናና ከረሜላ ግማሽ ሃይማኖት ነው። ስብከት ሊጀመር ሲል በየወንበሩ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ ያለ ከረሜላ ስብከቱን የሚችል ሰው የለም። ታዲያ ማታ ማታ አንዷን ከሄርሚና የራስጌ መብራት ሥር ቢያስቀምጥላት ምን ያስጠረጥራል? ሳትጠረጥር መጠጠቻት። ተኛች። ጌሪት ከጎኗ ጋደም ብሎ አተነፋፈሷን እያዳመጠ እንባው ትራሱን አራሰው። መዋሸቱን ያውቀዋል። ያን ሌሊት ግን ምንም አልቆጨውም።

ጉዱ የመጣው ከዚያ ነው። ሄርሚና የተኛችው ስለጸለየች መሰላት። ጉባኤው ፊት ቆማ መሰከረች፤ ሰው አለቀሰ። ቤት ሲመለሱ "ስእለት ነበረብኝ" አለችው። "ካስተኛኸኝ የጌሪትን አባት መሬት እሰጥሃለሁ ብዬው ነበር።"

"የእኔን አባት መሬት?"

"ታዲያ የማንን ልስጥ? የእኔ አባት መሬት አልነበረውም።"

መሬቱ ድሮ የአባቱ የሽንኩርት መጋዘን የነበረበት ቦታ ነው። ጌሪት እምቢ ቢል ለምን እምቢ እንዳለ ሊጠየቅ ነው። ሰጠ። ስለ ደንቡም በሩቁ ሰምቶ ነበር፤ ግን ቤተ ክርስቲያን ሲባል የታየው ደወል ያለው ሕንፃ እንጂ አረም የበቀለበት ባዶ ቦታ አልነበረም። ማንስ ቢሆን ያ ይታየው ነበር?

አሁን ከአዳራሹ ሲወጣ ሮክሳን በሩ ላይ ጠበቀችው። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር።

"ሚስተር ፖስትማ፣ በምን በደልኩዎ? በወር በወሩ ነበር እኮ የሚመጡት። ጉልበትዎን እየጠየቅኩ፣ ወንበር እያመጣሁልዎ።"

"አላወቅኩም" አለ።

"አላወቅኩም ይላሉ?" ትክ ብላ አየችው፤ ከዚያ ቁልፏን ፈልጋ መኪናዋ ውስጥ ገባች።

ፓስተር ዲርክ መኪናውን ሊያስነሳ ሲል ጌሪት መስኮቱን አንኳኳበት። "ፓስተር፣ መሬቱን መልሱልኝ።"

ፓስተሩ የቀለደ መስሎት ሳቀ። ፊቱን ሲያይ ሳቁን ተወ። "ምን ተገኘ ወንድም ጌሪት?"

"በሌላ እቀይርላችኋለሁ። ከወንዙ ማዶ ያለውን ውሰዱ፤ ይሰፋል።"

"እኔማ ምን ቸገረኝ፣ ጉባኤው ድምፅ ከሰጠ ይመለሳል። ግን የእህት ሄርሚና ስእለት ነው። ቆማ የሰጠች እሷ ናት፤ ቆማም የምትጠይቅ እሷ ናት። ምክንያቱንም ሰው መስማት አለበት።" ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመረ፦ "ደህና ናችሁ አይደል?"

"ደህና ነን" አለ ጌሪት። በአንድ ምሽት ስንት ውሸት ይዋሻል ሰው።

ሄርሚና የአተር ሾርባ አቅርባ ትጠብቀው ነበር። "አጨበጨቡልህ?" አለችው ገና ኮቱን ሳያወልቅ። ደስ ብሏታል። ያ ደስታዋ ነው አንጀቱን የበላው። ቁጭ ብሎ፣ ማንኪያ ሳያነሳ፣ ካርዱንም ሮክሳንንም ከረሜላውንም ነገራት። አንዴ ከጀመረ በኋላ ማቆም አልቻለም፤ አንድ ሺህ ጫማዋንም፣ ፓስተሩ ያለውንም ጭምር ነገራት።

"ከረሜላው?" አለች ሄርሚና።

"ከረሜላው።"

"ሐሺሽ ነው?"

"መድኃኒት ነው።"

"ጌሪት፣ የጠየቅኩህን መልስ። ሐሺሽ ነው ወይስ አይደለም?"

"ነው።"

የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። "እኔ ሰው ሁሉ ፊት ቆሜ፣ እጄን ዘርግቼ፣ እግዚአብሔር አስተኛኝ ስል አንተ ከፊት ወንበር ላይ ነበርክ። አሜን ብለሃል። ከሁሉ ጮክ ብለህ ያልከው አንተ ነህ።"

እውነት ነው፤ ብሏል።

ድንገት ፊቷ አመድ መሰለ። "አርሌት!" አለች።

"ምን አርሌት?"

"ባለፈው እሁድ የቦርሳዬ ከረሜላ አልቆብኝ ከመብራቱ ሥር ያለችውን ይዤ ሄድኩ። ገና ከስብከቱ በፊት ለአርሌት ሰጠኋት።"

አርሌት ኦርጋን ተጫዋቿ ናት። ጌሪት ትዝ አለው። የመጨረሻውን መዝሙር አርሌት እጅግ ከመጎተቷ የተነሳ ጉባኤው ትንፋሽ አጥሮት ዜማው መሃል ላይ ተበታትኖበታል፤ ቡራኬው ላይ ደግሞ ብቻዋን ስቃለች። ሰው ሁሉ እርጅና ነው ብሎ አዘነላት። እሷም ራሷ መጃጀት ጀመርኩ ብላ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዛለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር። አሁን ግን ተያዩና ሁለቱም ደነገጡ። ሄርሚና ተነስታ መኝታ ቤት ገባች፤ በሩን ዘጋችው። ሾርባው እንደቀረበ ቀዘቀዘ።

ጌሪት ሶፋ ላይ አደረ። ጠዋት ሲነሳ ወጥ ቤት አገኛት። ጋደም እንኳ አላለችም። ቀሚሷ ጀርባዋን እንዳይነካት ወደ ፊት ጎንበስ ብላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ከንፈሯን ነክሳ አቁስላዋለች። ዱሮ እንደነበረችው ሆናለች፤ በአንድ ሌሊት። ይበልጥ ያስደነገጠው ግን ሌሊቱን እሱን አለመጥራቷ ነው።

ሳይደብቅ፣ ዓይኗ እያየ፣ አንዲት ከረሜላ በሻይ ማስቀመጫ ሳህን ላይ አድርጎ ፊቷ አኖረ። "አላስገድድሽም። ስትሰቃዪ ማየት አልቻልኩም፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።"

"ያቃጠለኝ ሐሺሹ መሰለህ?" አለች ቀና ሳትል። "እምቢ ብዬ ነበር። እምቢታዬን ወሰድክብኝ። ብትነግረኝ ምናልባት እጮህብሃለሁ፣ ምናልባት ሳምንት አላናግርህም፣ ከዚያ ግን የምወስነው እኔ ነበርኩ። እንደ ሕፃን በከረሜላ አታለልከኝ።"

"ፈራሁሽ" አለ። እውነቱም ይኸው ነበር።

ሳህኑን አየችው። ጌሪት አሽቀንጥራ የምትጥለው መስሎት እጁን ዘረጋ፤ እሷ ግን ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችው። "በዚህ ቤት ሳይጸለይበት በጉሮሯችን የወረደ ነገር አለ?"

"ከረሜላ ላይ ማን ይጸልያል?"

"እኔ ከረሜላ መስሎኝ ነው ያልጸለይኩት። አንተ ምን እንደሆነ ታውቅ ነበር። አሁን ጸልይበት።"

ጌሪት ዓይኑን ጨፈነ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሾርባ ላይ፣ ዳቦ ላይ፣ ድንች ላይ ጸልዮአል፤ ቃሉ ከአፉ እንደ ውሃ ነው የሚፈሰው። አሁን ግን "ጌታ ሆይ፣ ስለዚህ…" ብሎ ቀረ። እንደገና ጀመረ። "ስለዚህ ስለሰጠኸን…"

"ስሙን ጥራ" አለች ሄርሚና።

"ሄርሚና…"

"ጀርባዬ እየነደደ ነው ጌሪት። ስሙን ጥራ።"

"ስለዚህ ስለሰጠኸን ካናቢስ እናመሰግንሃለን" አለ።

ወዲያው አሜን አላለችም። እሱ ዓይኑን እንደጨፈነ፣ ጉንጩ በእንባ እንደራሰ አስጠበቀችው። ከዚያ፣ "አሜን" አለችና ከረሜላዋን አፏ ውስጥ ከተተች።

"ለአርሌት ዛሬውኑ እነግራታለሁ። አንተ ደግሞ ሐኪም ዘንድ ትወስደኛለህ፤ በራሴ ስም ካርድ አወጣለሁ" አለች፣ ከረሜላው ጉንጯን ወጥሮት። "አሁን ስልኩን አንሳና ለፓስተሩ ደውል። እሁድ መሬቱን መልሱልን ብላ የምትጠይቀው ሄርሚና ናት በለው።"

ጌሪት ስልኩን አነሳ። "ምክንያቱን ቢጠይቀኝስ?"

"አሁን እግዚአብሔር ፊት የጠራኸውን ስም ለእሱም ጥራለት።"