ዘይሃራ የምትባል ከተማ

ጋሽ ሽኩር የፎቶ ኮፒ ቤቱን ደፍ ሲረግጡ ምንተስኖት ማሽኑ ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት ይጎትት ነበር። ቀና ብሎ ሲያያቸው ደነገጠ። ከጥር ወዲህ እኚህን ሰው ከሩቅ ባየ ቁጥር መንገድ ይቀይራል። ዛሬ ግን መሸሻ የለውም፤ ቤቱ ሦስት ሜትር በሁለት ነው።

«ይቺን ሠላሳ ቅጂ አውጣልኝ» አሉና ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «ለሾፌር ጓደኞቼ ላድላት ነው። የመተሐራም፣ የአዋሽም፣ የድሬም መስመር ለሚሠሩት።»

ወረቀቱ በእስክሪብቶ የተሣለ ካርታ ነበር። ባሕሩ ሰማያዊ ተቀብቷል። ዳርቻው ላይ ቀይ ክብ አለ፤ ከክቡ ጎን፣ በልጃቸው በኑዕማን የእጅ ጽሑፍ፣ «ዘይሃራ» ተብሎ ተጽፏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኑዕማን፣ ሊዲና ምንተስኖት ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እዚሁ ኮፒ ቤት ጓዳ ተሰብስበው አንድ ጨዋታ ይጫወታሉ። አንዱ ዓለም ፈጥሮ ይተርካል፤ ሌሎቹ ገብተውበት «በሩን እሰብራለሁ»፣ «ከዘንዶው ጋር እደራደራለሁ» ይላሉ፤ ዳይስ የሚሉት ባለ ሃያ ገጽ የቁጥር ጠጠር ይወረወርና ወይ ይሳካል ወይ ይከሽፋል። ሰፈሩ «እብዶቹ» ይላቸው ነበር፤ ብዙም አልተሳሳተ። ሦስቱም የየራሳቸው ዓለም ነበራቸው። የኑዕማን በረሃ ነው፣ የሊዲ ዛፎቹ የሚያወሩበት ጫካ፣ የምንተስኖት ደግሞ ሐይቅ ላይ የሚንሳፈፍ መንግሥት። ንጉሡ ለየቅል፣ አማልክቱ ለየቅል፣ የጨረቃዎቹ ቁጥር እንኳ ለየቅል።

ሦስቱንም ዓለም የምታገናኝ አንዲት ከተማ ብቻ ነበረች። ከመካከላቸው አንዱ በፈተና ወይም በወባ በቀረ ቁጥር «አሁን የት ሄደ እንበል?» የሚል ጭቅጭቅ ሲያስቸግር፣ ኑዕማን ዘይሃራን ፈጠረ። የቀረ ሁሉ እዚያ ነው። መንገዱ ከበረሃም ይነሳ ከጫካም፣ እዚያ ያደርሳል። ሕጉ ጥብቅ ነበር፤ የተገኘ ሰው የቀረውን በየደብተሩ፣ ከነቀኑ፣ «ዘይሃራ ነው፤ ደህና ነው፤ ይመለሳል» ብሎ ይጽፋል። የሚጫወቱትም በገዛ ስማቸው ነው፤ የፈረንጅ ስም ሲወጣ ሊዲ ሳቋን መቆጣጠር ስላልቻለች።

«እኔም መጀመሪያ የልጆች ነገር ነው ብዬ ነበር» አሉ ጋሽ ሽኩር። «ከዚያ የልጄ ጽሑፍ ናፈቀኝ ብያት ሊዲ የሷን ደብተር አዋሰችኝ። ምን ላግኝ? መጋቢት አሥራ ሦስት፣ ኑዕማን ዘይሃራ ነው፣ ደህና ነው። መጋቢት ሃያ፣ ኑዕማን ዘይሃራ ነው፣ ደህና ነው። ልጄ ከቤት የወጣው ጥቅምት ላይ ነው እኮ! ትደዋወላላችሁ ማለት ነው። ለምን ደበቃችሁን ብዬ አልቆጣም፣ ወላሂ አልቆጣም። ያንተም ደብተር አለ አሉ። እዚያም ካገኘሁት ሦስት ሰው መሰከረ፤ ከዚህ ወዲያ ማንንም አልጠይቅም። ነገ ጠዋት ከእናቱ ከሰሊማ ጋር እንነሳለን።»

የምንተስኖት ደብተር መሳቢያው ውስጥ ነበር። እዚያማ ከሊዲ ይበልጥ ነበር የተጻፈው። እሷ የጻፈችው ስለማታውቅ ነው። እሱ ግን ያውቃል። ጥር ላይ፣ ከኑዕማን ጋር ባሕር ሊሻገር የተሰደደው የወለንጪቲው ኢተፋ ከጅቡቲ ጠረፍ ከኦቦክ ተመልሶ፣ የኑዕማን ቤተሰብ ፊት መቆም ቢያቅተው ምንተስኖትን ፈልጎ መጥቶ ነግሮታል፤ ጀልባዋ ተገልብጣለች፣ የኑዕማን ጭንቅላት አንድ ጊዜ ከውሃው ብቅ ብሎ ታይቷል፣ ከዚያ አልታየም። ምንተስኖት «እኔ እነግራቸዋለሁ» ብሎ ሸኘው። ሁለት ጊዜ በራቸው ድረስ ሄዶ ሳያንኳኳ ተመለሰ። ቅዳሜ ሲደርስ ደብተሩን ገልጦ «ዘይሃራ ነው፤ ደህና ነው» ብሎ ጻፈ፤ የሚቀጥለው ቅዳሜም፣ ከዚያ ወዲያም እንደዚሁ። ለሊዲ እንኳ ትንፍሽ አላለም። ፈሪ ነበር፤ ሌላ ስም የለውም።

«ጋሽ ሽኩር» አለ፣ ድምፁ የሌላ ሰው እየመሰለው። «ዘይሃራ የምትባል ከተማ የለችም። እኛ ነን የፈጠርናት።»

ሰውየው ሳቁ። «ሦስት ሰው በየደብተሩ አንድ ዓይነት ከተማ ይፈጥራል?»

ምንተስኖት አስረዳቸው። ዳይሱን አሳያቸው፣ ደብተሩን አወጣ፣ «ሊዲ ዘይሃራ ነች» የሚለውንም፣ እሱ ራሱ በወባ በተኛበት ሳምንት በኑዕማን እጅ የተጻፈውንም «ምንተስኖት ዘይሃራ ነው» አስነበባቸው። ጋሽ ሽኩር ገጹን በጣታቸው እየተከተሉ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ቀስ ብለው የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ታዲያ ልጄ የት ነው?»

ምንተስኖት ኢተፋ ያለውን ሁሉ፣ ምንም ሳያስቀር፣ ነገራቸው። አላለቀሱም። «መቼ ነው የሰማኸው?» አሉ።

«ጥር ላይ።»

«ጥር» አሉ። «ለዒድ ሸሚዝ ገዝቼለት ነበር።» ከዚያ ካርታውን እንደነበረ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ሳይሰናበቱት ወጡ።

በማግስቱ ጠዋት ምንተስኖት ሊዲን ሳይጠራ፣ ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ፣ እነ ኑዕማን በር ላይ ደረሰ። ቤቱን በልቅሶ ተሞልቶ እንደሚያገኘው ነበር ያሰበው። የጋሽ ሽኩር ሚኒባስ ግን ሞተሩ ይሠራል። እትዬ ሰሊማ የዒድ ሻርፓቸውን ለብሰው ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል፤ ጭናቸው ላይ የሰሌን ዘንቢል አለ።

«ና፣ ና ልጄ!» ብለው በመስኮቱ እጁን ያዙት። «ሁሉን ነግረኸዋል አሉ። አላህ ይስጥህ፤ ይሄ የጻፈ እጅህ ይባረክ። ቆሎም ቋጥሬለታለሁ፣ ሸሚዙንም ይዣለሁ። እዚያ አገር ሙቀት ነው አይደል?»

ምንተስኖት እጁን ቀስ ብሎ አላቀቀ። ጋሽ ሽኩር ክንዱን ይዘው ወደ መኪናው ኋላ ወሰዱት። ዓይናቸው ደም መስሏል።

«አልነገሯቸውም?» አለ በሹክሹክታ።

«ትናንት ስገባ ‹አገኘኸው?› አለችኝ። አፌን ከፍቼ ‹አዎ› አልኩ። እራት በላች። ተኛች። ከጥቅምት ወዲህ ሌሊቱን ሙሉ ስትተኛ አይቻት አላውቅም።» ፊታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «አንተ ያን ያህል ወር ያቃተህን እኔ ባንድ ማታ ልቻለው?»

«እና የት ነው ይዘዋቸው የሚሄዱት?»

«መንገዱን አውቀዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ነድቼበታለሁ። አዋሽ አሳድራታለሁ። ከዚያ ድሬ። ከዚያ ጠረፉ ላይ፣ ደወሌ።»

«ከዚያስ፣ ጋሽ ሽኩር?»

ጋሽ ሽኩር ወደ መሪው ሄዱ። እትዬ ሰሊማ ከውስጥ «ምን ይልሃል? ሩቅ ነው እንዴ?» ሲሏቸው ተሰማ።

«ገና ነው» አሏቸውና መኪናውን አንቀሳቀሱ።