ከኤም ወዲያ

አቃቂ በሰቃ ላይ ላቲን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ፈቀደ ነው። ማን መሰከረ? ራሱ ፈቀደ። ከቆራሌው የገዛት አሮጌ መጽሐፍ የእንግሊዝኛን ቃላት ከነአያት ቅድመ አያታቸው ትቆጥራለች። ምን ያደርጋል፣ ቆራሌው የኋላዋን ግማሽ አስቀድሞ ለቆሎ ሻጮች አከፋፍሎት ኖሮ፣ ከኤ ተነሥታ ኤም ላይ ቀጥ ትላለች። ይህን ጉድ ከፈቀደ በቀር ማንም አያውቅም። እሱም ሰው ሳይጠይቀው ቀድሞ የሚያውቃትን ቃል እየመዘዘ፣ ሰባት ጳጳስ ተሰልፈው ያስተማሩት ይመስል፣ ሰፈሩን ለሃያ ዓመት አፉን አስከፍቶ ኖረ።

የዘጠና ሰባቱ ምርጫ ሲቃረብ ለወንድሙ ልጅ ለዘአማኑኤል ሽማግሌ ሆኖ ተላከ። ልጁን ከአራት ዓመቱ ያሳደገው እሱ ነው። የሚለመኑት የማህሌት አባት፣ ጡረተኛው የጤና ጣቢያ ድሬሰር ጋሽ ፀሐዩ ናቸው። ዘአማኑኤል በር ድረስ ሸኝቶት፣ «ጋሼ፣ በማርያም፣ ዛሬ እንኳ ሳትጨምር ተናገር። ማህሌትን ካጣሁ ይህ ሰፈር ለእኔ በቃኝ» አለው።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱ ሽማግሌዎች፣ ጋሽ ጀቤሳ፣ አያናና ፈቀደ፣ ነጭ በነጭ ለብሰው ጋሽ ፀሐዩ ቤት ገቡ።

«አረፍ በሉ እንጂ» አሉ ጋሽ ፀሐዩ።

ወጉ ጉዳይን ቆሞ ተናግሮ፣ ሲፈቀድ መቀመጥ ነው። ለፈቀደ ግን ወግ መቼ ይበቃዋል! «እሺ ሳንባል ብንቀመጥ ወንበሩ እሳት ይሁንብን!» ብሎ ማለ። ሪህ ያለባቸው ጋሽ ጀቤሳ በክርናቸው ጎሸም አደረጉት፤ መሐላው ግን አንዴ አምልጧል።

ቀጠለናም፣ «ልጃችን የፋብሪካው ዋና መሐንዲስ ነው። እሱ ሳይፈርም አንዲት ብሎን አትዞርም!» አለ። እውነቱ ሌላ ነው፤ ዘአማኑኤል ብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ቶርኖ ላይ ቆሞ ብረት የሚያሾር ሠራተኛ ነው።

ጋሽ ፀሐዩ መነጽራቸውን በቀስታ ጠረጉ። «ፈቀደ፣ ለልጁ ዋሱ ያንተ አፍ ነው። አፍህን በምን ልመነው? ላቲን ያውቃል ይሉሃል፤ እስቲ በሱ ልመዝንህ።»

«ይመዝኑኝ፤ ሚዛኑ ከቻለኝ!»

«ካንዲዴት።»

«ነጭ ማለት ነው! ሮማ ውስጥ ምረጡኝ የሚል ሁሉ ልብሱን በኖራ አንጥቶ ነበር አደባባይ የሚወጣው። ይኸው ዛሬ ሦስታችንም ካንዲዴት ነን።»

«ምልክታችን የጀቤሳ ጉልበት ነው» አሉ ጋሽ ጀቤሳ። «ሳይሰበር ምረጡን።»

«ሚኒስትር።»

«አሽከር! አገልጋይ! እዚህ አገር ሲገባ ነው ጌታ የሆነው።»

«መስል፣ ጡንቻ።»

«ትንሽ አይጥ! ክንድ ሲታጠፍ ከቆዳ ሥር የምትሮጥ አይጥ ስለሚመስል።»

ፈቀደ ቁመቱ ጨመረ፤ ጭንቅላቱ ኮርኒሱን ሊቀድ ጥቂት ቀረው።

«ፔኒሲሊን» አሉ ጋሽ ፀሐዩ።

ፒ! ከኤም ወዲያ! የቤቱ ግድግዳ አራቱም በአንዴ አንዳንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገቡ። መስኮቱ ፍርግርግ ብረት ነው። በሩን ጋሽ ጀቤሳና አያና በጀርባቸው ዘግተውታል። ወንበሩ ከኋላው ነበር፤ ግን መሐላ አለበት። የፈቀደ ላብ ያን ቀን ወደ አቃቂ ወንዝ ቢለቀቅ ድልድዩን በወሰደ።

«ፔኒ... ሳንቲም ነው። የሮማ ሐኪሞች አንዱን መርፌ በአንድ ሳንቲም...»

«ሮማ ውስጥ ፔኒሲሊን ነበረ?»

«በ... በጥቂቱ።»

«እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ወግቼዋለሁ» አሉ ጋሽ ፀሐዩ። «ትንሽ ጭራ ማለት ነው። ላቲኖቹ የሥዕል ብሩሽን ትንሽ ጭራ ይሉታል፤ ሻጋታው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ብሩሽ ይመስላል። ፔንስልም ከዚያው የመጣ ነው። እሺ፣ ሳላሪ፣ ደመወዝስ?»

ሦስት ውሸት ምላሱ ላይ ተሰልፎ ‹እኔን፣ እኔን› አለው። ግን የልጁ ድምፅ ጆሮው ውስጥ ነበር፦ ዛሬ እንኳ ሳትጨምር።

«ጋሽ ፀሐዩ፣ መጽሐፌ ኤም ላይ ያልቃል። ቀሪው ቆሎ ተጠቅልሎበታል።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ!» ብሎ ጮኸ አያና።

«አሥራ ዘጠኝ።»

«ልጁስ» አሉ ጋሽ ፀሐዩ፣ «ልጁ የት ፊደል ላይ ያልቃል?»

ፈቀደ ኩታውን ከአፉ ላይ ገለጥ አደረገ። «መሐንዲስ አይደለም። የቶርኖ ሠራተኛ ነው። ያለ አባት ያሳደግሁት ልጅ አንሶ እንዳይታይብኝ ብዬ እኔ ነኝ የጨመርኩለት። እሱ ዋሽቶ አያውቅም።»

ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ማህሌት በረጅሙ ተነፈሰች።

«ቶርኖ ሠራተኛ መሆኑን ማህሌት የነገረችኝ የዛሬ ዓመት ነው» አሉ ጋሽ ፀሐዩ። «የልጁ ወገኖች እውነቱን ይነግሩኝ እንደሆነ ነበር ሳይ የቆየሁት። በሉ፣ ተቀመጡ።»

ጋሽ ጀቤሳ ቃሉ ሳያልቅ ተቀምጠዋል። ፈቀደ ግን ወንበሩን በጥርጣሬ አየው።

«እሺ ተባልን ማለት ነው?»

«እሺ ብያለሁ። ተቀመጥ፣ አያቃጥልህም።»

ተቀመጠ። ጉልበቱ ውስጥ አሥር ሺህ ጉንዳን ተለቀቀ። አንድ ትንፋሽ፣ ሁለት ትንፋሽ ታገሠ፤ ሦስተኛው ላይ አልቻለም።

«ለመሆኑ ሳላሪ ምንድን ነው?»

«ከጨው የመጣ ነው። ጨው እዚያም ዋጋ ነበረው።»

«ጨው! የእኔ ቅድመ አያት እኮ አሞሌውን በሺህ ግመል ጭኖ ሮማ ድረስ...»

«ፈቀደ!» አሉ ሦስቱም በአንድ አፍ።